ካርቶኑ ውስጥ የቀረው መድኃኒት

አሰገደችን የማውቃት ሁለታችንም ገና ሽበት ሳናወጣ ነው። እኔ በካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምር ነበር፤ እሷ ደግሞ ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ባለችው ባለ አራት ክፍል ክሊኒክ ነርስ ነበረች። መንደሩ ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ አካባቢ ነው ብል ይበቃል፤ ስሙን አልጽፈውም። የልጅቱን ስም፣ ዘመኑንና ሌላም ሌላም ነገር ለውጫለሁ። ጻፈው ብላ የለመነችኝ ራሷ አሰገደች ናት፤ አደራዋም አንድ ብቻ ነበር። «እኔን እንደሆንኩት አድርገህ ጻፈኝ፤ እሷን ግን ማንም እንዳያውቃት።»

በዕረፍት ሰዓት የወደቀ ተማሪ ሁሉ የሚሮጠው ወደ አሰገደች ነበር። መርፌ ስትወጋ «ሦስት ስል ነው የምወጋህ» ትልና በሁለት ትወጋለች። ልጆቹ ይህን ነቁባትና ገና «አንድ» ስትል መጮህ ጀመሩ። እሷም በአንድ መውጋት ጀመረች። ባል አላገባችም። ለምን ሲሏት «ሌሊት ሌሊት ምጥ የያዛት ሴት እየመጣች በሬን ስትደበድብ የትኛው ባል ይችለኛል» ትል ነበር። በአገራችን ነርስ ሁሉ ሲስተር ስለሚባል እሷም ሲስተር አሰገደች ነበረች፤ መነኩሲት ግን አልነበረችም።

የቸሃ ጉራጌ ገበሬ ልጅ ናት። ወደ ሕክምና ያስገባት ምላሷ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆናት ክሊኒኩን የሚመሩት ሲስተር ሉቺያ የሚባሉ ጣሊያናዊት መነኩሲት ነበሩ፤ አማርኛ እንጂ ጉራጊኛ አይሰሙም። በሽተኛው በቸሃ ቋንቋ የሚለውን ሰምታ በአማርኛ ታቀርብላቸዋለች፤ እሳቸው ያሉትን ደግሞ ለበሽተኛው መልሳ ትናገራለች። «ከራስሽ አንዲት ቃል አትጨምሪ፣ አንዲት ቃል አትቀንሺ» ብለው አሳደጓት። እሷም አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። ነርስነት ተምራ ስትመለስም ያው ጠባይ አብሯት ነበር፤ የሰማችውን በትክክል ታደርሳለች፣ ይህ ለምን ሆነ ብላ ግን አትጠይቅም።

ሲስተር ሉቺያ አርጅተው ወደ አገራቸው ሲመለሱ የክሊኒኩን ደንብ በእጃቸው የጻፉበትን ደብተር ተዉላት። ከደንቦቹ አንዱ «ይህ ክሊኒክ የእርግዝና መከላከያ አይሰጥም» ይላል። ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። መከላከያ የሚፈልጉ ባለትዳር ሴቶች ሲመጡ አሰገደች ከወንዙ ማዶ ወዳለው የመንግሥት ጤና ኬላ ትጠቁማቸዋለች። የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ነው፤ ይሄዳሉ፣ ይወስዳሉ፣ ለክትባት ሲሆን ወደ እሷ ይመለሳሉ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ በዚህ የተቀየማት ሰው አልነበረም።

በኋለኛው ዘመን ከጤና ጽሕፈት ቤት ለየክሊኒኩ አንድ ካርቶን ታደለ። ተገድደው የተደፈሩ ሴቶች ሲመጡ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። የቁስሉ፣ የአባላዘር በሽታው፣ ቫይረሱን የሚከላከለው፣ ከእነዚህም ጋር እርግዝና እንዳይፈጠር በቶሎ የሚዋጥ ክኒን አለበት። አሰገደች ይህን የመጨረሻውን ለየችና በላስቲክ ጠቅልላ «የሚመለስ» ብላ ጻፈችበት።

ካርድ የምታወጣው ሃሊማ ነበረች፤ የመስቃን ሰው፣ ከቡታጅራ ወገን በትዳር የመጣች፣ አፏ የማያርፍ።

«እትዬ፣ ይሄስ?» አለቻት ቁም ሳጥኑን ስታጸዳ።

«የእኛ አይደለም። የሚመለስ ነው።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ እመለሳለሁ እያለ የሚቀመጥ እንግዳ አይቼ አላውቅም» አለችና አቧራውን ጠርጋ መልሳ አስቀመጠችው።

እንግዲህ ያ መስቀል መጣ። መስቀል በእኛ ዘንድ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። በሞያሌም ይሁን በመርካቶ የሚነግድ የጉራጌ ልጅ ያን ሳምንት ከአባቱ ቤት ውጭ አያድርም። መኪናው ሁሉ ሰው ጭኖ ይገባል እንጂ አይወጣም፤ ምክንያቱም ሾፌሩም ረዳቱም የአገሩ ልጆች ናቸውና መኪናቸውን ጀፎረው ላይ፣ በቤቶቹ ፊት ባለው ሰፊ ሣር ሜዳ፣ አቁመው ክትፎ ፊት ይቀመጣሉ። ጤና ኬላው ይዘጋል፤ ዘበኛው እንኳ ቅርጫውን ሊቀበል ይሄዳል። ያን ሰሞን በሩ የማይዘጋው የአሰገደች ክሊኒክ ብቻ ነው።

መስከረም ዐሥራ ስድስት ቀን ጠዋት ቤዛ መጣች። ቤዛ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ወልቂጤ ውስጥ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ትሠራለች። ለበዓሉ ወላጆቿ ቤት ገብታለች። ስትወለድ የተቀበለቻት አሰገደች ናት። ዮሲ ለሚባል የቡታጅራ ልጅ ታጭታ ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል።

«ራሴን አመመኝ» አለች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አላወረደችም። አሰገደች አየቻትና ሃሊማን ውኃ እንድታሞቅ ልካ በሩን ዘጋች።

ማታውን ከአክስቷ ቤት ስትመለስ ለበዓል ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ሰው ላድርስሽ ብሎ ተከትሏት ነበር። ከእንሰቱ መሐል አስገብቶ በደላት። ከዚህ በላይ አልጽፍም።

«ለማን ነገርሽ?»

«ለማንም። አባዬ ከሰማ ደም ይፈሳል።» ቀጥላም «ዛሬ እኛ ቤት ምሳ ተጠርቷል» አለች።

አሰገደች አጠበቻት፣ ቁስሏን አከመች፣ ካርቶኑን አወረደች። የቁስሉን ሰጠቻት። የአባላዘሩን ሰጠቻት። የቫይረሱን ቆጥራ፣ አወሳሰዱን ሁለት ጊዜ አስረድታ ሰጠቻት። የወር አበባዋ የመጣበትን ቀን ጠይቃ ካርዱ ላይ ጻፈች፤ መስከረም ስድስት። አደጋው የደረሰው በአሥረኛው ቀን ነው ማለት ነው።

«ሲስተር፣ ባረግዝስ? ወልቂጤ የማያስረግዝ ክኒን አለ ሲሉ እሰማለሁ።»

«እሱ እኛ ጋ አይፈቀድም፣ ልጄ። ወልቂጤ ሂጂ፣ ሆስፒታሉ ይሰጥሻል። እስከ ሦስት ቀን ድረስ ቢወሰድ ነው ደህና።»

«ለእንደኔ ዓይነቷም አይፈቀድም?»

«ለማንም።»

ቤዛ መድኃኒቷን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወጣች። ሃሊማ የሞቀውን ውኃ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«እትዬ፣ ከካርቶኑ ሁሉንም ሰጠሻት፤ እሱን ለምን አስቀረሽው?»

«ቤተ ክርስቲያን አትፈቅድማ።»

«እኔ የእናንተን ሕግ አላውቅም። ግን ሌባ ሰብሮ የገባበት ሰው፣ የቀረውን በር አትዝጋ የሚባል ሕግ አለ?»

«ሃሊማ፣ ሥራሽን ሥሪ።»

«እየሠራሁ ነው። አባን ደውለሽ ጠይቂያቸው።»

የደብሩ ቄስ አባ ወልደማርያም ያን ሳምንት ቡታጅራ ነበሩ። አሰገደች አንድ ጊዜ ደወለች። አገሩ ሁሉ እንኳን አደረሰህ እየተባባለ መስመሩ ተጨናንቆ ጥሪው አልገባም። ሁለተኛ አልደወለችም። በኋላ ስታወራልኝ «ጥያቄ ያለው ሰው እስኪነሣለት ይደውላል» አለችኝ። «እኔ ጥያቄ አልነበረኝም። መልሱን የያዝኩ መስሎኝ ነበር።»

ቤዛ በዐሥራ ሰባት መኪና ፈለገች፤ አልነበረም። በዐሥራ ስምንት ፈለገች። አባቷ «በመስቀል ወልቂጤ ምን አለሽ? የሱቁ ባለቤትም እኮ ሥጋ እየበላ ነው» ብሎ ሳቀባት። ሞተር ብስክሌት አልጠፋም፤ ከማታውቀው ወንድ ጀርባ ተጣብቆ መሄድ ግን በዚያ ሳምንት ከአቅሟ በላይ ነበር። በሃያ ቀን ከማሉ የሚባል የቡታጅራ ሾፌር፣ የመስቀሉ ድግስ የማይዘው ሰው፣ ባዶ ሚኒባስ እየነዳ አለፈና ወሰዳት። «እህቴ፣ መኪናው ሁሉ የአንቺ ነው፤ የፈለግሽው ወንበር ላይ ተቀመጪ» አላት። ከኋላ ጥግ ተቀመጠች።

ሆስፒታሉ ክኒኑን ሰጣት፣ ቅጽ አስፈረሟት፣ አጽናኗት። ነርሷ ግን «ቀኑ ሄዷል፤ እርግጠኛ መሆን አይቻልም» አለቻት።

በኅዳር መጀመሪያ ቤዛ ተመልሳ መጣች። አሰገደች መረመረቻት። ውጤቱን ለማወቅ ሁለቱም ወረቀቱን አላዩም፤ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«አሁንስ ምን አለ?» አለች ቤዛ።

«የአገሩ ሕግ ለተደፈረች ሴት ይፈቅዳል። ወልቂጤ ብትሄጂ አይከለክሉሽም። ቤተ ክርስቲያን ግን የተፀነሰውን...»

«ገባኝ፣ ሲስተር። ያ ካልተፈቀደ ይሄ እንዴት ይፈቀዳል።»

ልጅቱ የአሰገደችን ቃል እንደ ቤተ ክርስቲያን ቃል ይዛ ሄደች። ሆዷ ሲገፋ ለእናቷ ነገረች፤ ከእናቷ ወደ አባቷ ደረሰ። የበደላት ሰው አዲስ አበባን ትቶ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ አልተገኘም። ከዮሲ ቤት ሽማግሌዎች መጥተው ኮቾው ሳይቀመስ የጋብቻውን ቃል አፈረሱ። ዮሲ ራሱ አንድ ጊዜ ደውሎ አልቅሷል ይባላል፤ ማልቀሱ ግን ቤት አልሠራላትም። የሱቁ ሥራም ቀረ።

አሰገደች በታኅሣሥ ወደ አባ ወልደማርያም ሄደች። ልትጠይቃቸው አልነበረም። ስሟን ሳትጠቅስ ለአንዲት ልጅ ጸሎት እንዲያደርጉላት ልትለምን ነው። የሆነውን ስትነግራቸው እስክትጨርስ ሰሙና እንዲህ አሉ፦

«በማግሥቱ ነው የመጣችው?»

«በማግሥቱ።»

«መድኃኒቱ አልነበረሽም?»

«ነበረ። ግን አይፈቀድማ፣ አባ።»

አባ መነጽራቸውን አወለቁ። «ማን ነገረሽ?»

አሰገደች ደብተሩን ልትጠራ ፈለገች፤ ደብተሩ ግን ስለ ተደፈረች ሴት አንድም ቃል የለበትም። ሌላ የነገራት ሰው አልነበረም።

አባም በዝግታ አስረዷት። ደንቡ የሚናገረው ባልና ሚስት በፈቃዳቸው ስለሚሰጣጡት ነገር ነው። የተደፈረች ሴት ግን የሰጠችው የለም፤ ጦር ነው የተነሣባት። ጦር የተነሣበት ሰው ራሱን ይከላከላል፤ ቤተ ክርስቲያንም ይህን አትነቅፍም። ፅንስ ገና ካልተፈጠረ እንዳይፈጠር መከላከል ይቻላል። ከተፈጠረ ግን እሱም ሰው ነውና አይነካም። ስለዚህ ተመርምራ፣ ቀኗ ተጠይቆ፣ የፅንስ ምልክት ከሌለ እንቁላሉ እንዳይወጣ የሚያዘገየው መድኃኒት ይሰጣታል። «ሊቃውንቱ መድኃኒቱ በየትኛው ሰዓት ምን ይሠራል እያሉ ይከራከራሉ፤ ሁሉም አልተስማሙም። አትከላከል ያለ ግን የለም።» ከዚያም «የስንት ቀኗ ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«አሥረኛ ቀኗ።»

አባ ሌላ አልጠየቁም። እሷ ነርስ ናት፤ አሥረኛ ቀን ምን ማለት እንደሆነ ከእሳቸው ይልቅ ታውቀዋለች። በብዙ ሴቶች እንቁላሉ ገና የማይወጣበት ቀን ነው። መድኃኒቱ የሚሠራበት፣ የቤተ ክርስቲያንም ቃል የሚፈቅድበት ቀን ነበር። ቀኑንም በገዛ እጇ ጽፋዋለች።

«ሃሊማ ብላኝ ነበር» አለች። «የቀረውን በር አትዝጋ የሚል ሕግ አለ ወይ ብላኝ ነበር።»

«ሃሊማ ከሁላችንም ይልቅ ወደ እውነቱ ቀርባ ነበር» አሉ አባ።

በሰኔ ቤዛ ሴት ልጅ ወለደች። ለምጡ ወደ አሰገደች አልመጣችም፤ ወልቂጤ ሄደች። ክርስትናው ዕለት እኔም ነበርኩ። ቤዛ ከስታለች፤ ልጅቱን ግን እቅፍ አድርጋ ይዛ ለአንድ አፍታ እንኳ ለእናቷ አልሰጥ አለች። አንዲት ጎረቤት አንዳች የሚያጽናና ቃል ስትወረውርላት ቤዛ ቀና ብላ «ያልሞከርኩት የለም፤ እግዚአብሔር መንገዱን ሁሉ ዘግቶ ነው ያመጣት። የዘጋው እሱ ከሆነ ቅር አይለኝም» አለች። እናቶች «አሜን» አሉ። አሰገደች ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ያን ጊዜ ለምን ሳትቀመጥ እንደወጣች አልገባኝም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ብቻ ያዛት። ቤዛ የያዘችው ምርኩዝ ሐሰት ነው፤ መንገዱን የዘጋው እግዚአብሔር ሳይሆን እኔ ነኝ። ልንገራት? ወይስ በያዘችው ትደገፍ? ወደ አባ ወልደማርያም ተመልሳ ጠየቀች።

«ለእኔ ተናዝዘሻል፤ ይቅር ተብሎልሻል» አሏት። «ለእሷ መንገር ግዴታሽ ነው አልልም፣ አትንገሪያትም አልልም። ግን ከመሄድሽ በፊት ራስሽን መርምሪ። የምትነግሪያት ለእሷ ብለሽ ነው ወይስ አንቺ እንዲቀልልሽ?»

ሁለት ወር ሙሉ መረመረች። በዚህ መሐል መስከረም ገባ። በእኛ አገር ከደመራው በፊት የተቀያየመ ይታረቃል፤ የበደለ ሰው የተበዳዩን ደጃፍ ሳይረግጥ እሳቱ ዳር አይቆምም። ሽማግሌዎች በየጀፎረው እየዞሩ «ቂም ያለበት አለ?» ብለው ይጠይቃሉ። አሰገደችን ማንም ሊጠይቃት አላሰበም፤ ከማን ጋር ተጣልታ ታውቃለች? ስለዚህ ራሷ ተነሥታ፣ የቤቱ ሰዎች ገበያ የሄዱበትን ሰዓት ጠብቃ ሄደች።

ቤዛ ልጅቱን አጥባ ልብስ እያለበሰቻት ነበር። አሰገደች ወንበር ስትሰጣት አልተቀመጠችም። እንደ ተርጓሚነቷ ዘመን ምንም ሳትጨምር፣ ምንም ሳትቀንስ ነገረቻት። መድኃኒቱ ያን ዕለት ካርቶኑ ውስጥ እንደነበረ፣ የተፈቀደም እንደነበረ፣ ሳትጠይቅ «ለማንም» እንዳለች፣ አሥረኛ ቀኗ እንደነበረ።

ቤዛ የልጅቱን ልብስ ቁልፎች አንድ በአንድ ቆልፋ ጨረሰች።

«እዚያው ነበር?» አለች በመጨረሻ። «እኔ የተቀመጥኩበት ክፍል ውስጥ?»

«እዚያው።»

«አራት ቀን መንገድ ዳር ቆሜያለሁ እኮ፣ ሲስተር።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

«ለምን ነገሩኝ?»

«እውነቱ የአንቺ ስለሆነ።»

«እኔ ምን ላድርግበት?» ድምፅዋን አላነሣችም፤ ልጅቱ እንዳትደነግጥ ነው። «እስከ ዛሬ እግዚአብሔር ሰጠኝ እል ነበር። ከእሱ ጋር አይጣሉም፤ አልቅሼ አልቅሼ ተስማማሁ። አሁን ሲስተር አሰገደች ሰጡኝ ልበል? ያን ክኒን ብውጥ ኖሮ ይቺ የለችም። ምነው ባገኘሁት ኖሮ ልበል? እሷን እያየሁ? እንኳን አላገኘሁት ልበል? ያንን ሌሊት እያሰብኩ?»

ለዚህ መልስ ያለው ሰው ያለ አይመስለኝም። አሰገደች ዝቅ ብላ የቤዛን ጉልበት ልትይዝ ስትል ቤዛ እጇን ያዘችና ቀና አደረገቻት።

«ይቅር በዪኝ ሊሉኝ ነው የመጡት። እሺ፣ ይቅር ብያለሁ። መስቀል ነው፣ ቂም አልይዝም። ግን አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ይቺ ልጅ ስታድግ ክትባቷም ቁስሏም ወደ እርስዎ ነው የሚያመጣት። እርስዎም በየቀኑ ሲያዩዋት ያንን ካርቶን ያያሉ። ልጆች ሲታዩ ያውቃሉ። በስሕተት የመጣች አድርጎ የሚያያት ሰው አጠገቧ እንዲኖር አልፈልግም።»

«እኔ እንደዚያ አላያትም።»

«አሁን እያዩዋት ነው፣ ሲስተር።»

አሰገደች ያን ጊዜ እያለቀሰች ልጅቱን ስታይ እንደነበረ አወቀች።

በጥቅምት ለሚሲዮኑ የመልቀቂያ ማመልከቻ ጻፈች። ጡረታዋ ሊደርስ ሦስት ዓመት ይቀረው ነበር። ከመልቀቋ በፊት በእሷ ቦታ ለተተካችው ነርስ አባ ወልደማርያም የፈረሙበትን መመሪያ አስረከበች፤ ክኒኑንም በእርግዝና መመርመሪያው አጠገብ፣ ፊት ለፊት አስቀመጠችው። ዛሬ ቡታጅራ፣ የሃሊማ ወንድም ግቢ ውስጥ በተከራየችው አንድ ክፍል ትኖራለች። ሄጄ ጠይቄያታለሁ። መርፌ የታዘዘላቸው የሠፈር ሰዎች ወደ እሷ ይመጣሉ፤ ከመውጋቷ በፊት መቁጠሩን ትታለች።

መንደሩ ለምን ጥላው እንደሄደች አያውቅም። ያኮረፈች የሚመስላቸው አሉ፤ ከተማ አማራት የሚሉም አሉ። የቤዛ እናት በየመስቀሉ ይደውሉላታል። ልጅቱ መሄድ ጀመረች፣ ልጅቱ አፍ ፈታች፣ አንቺ ያላየሻት ልጅ ልጅ ናት ወይ እያሉ ይወቅሷታል። ባለፈው መስቀል ሲደውሉ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ነበር።

«አሰጉ፣ ምን አስቀየምንሽ?» ሲሉ ይሰማኛል። «ሠላሳ ዓመት አብረሽን በልተሽ፣ ልጆቻችንን አዋልደሽ፣ እንዲህ ትተይን? ምን አጠፋን?»

«ምንም አላጠፋችሁም፣ እናቴ» አለች አሰገደች። «እግሬን ያመኛል። መንገዱን አልቻልኩትም።»